ከበር እስከ መኝታ፦ ለወንድ ዞንም ለሴት ዞንም ያልተመቸ ታሳሪ ጎጃም ውስጥ የሚያገኘው አገልግሎት

የምንገመግመው አንድ አገልግሎት ነው። ፖሊስ ታሳሪውን ከፍርድ ቤት ትእዛዝ ጋር ማረሚያ ቤት በር ላይ ካስረከበ በኋላ የመጀመሪያዋ ሌሊት እስክትነጋ ያለው ሁሉ በዚህ ይገባል፦ ምዝገባው፣ ፍተሻው፣ የመኝታ ምደባው፣ ክሊኒኩ፣ በማግስቱም ስንቅ ይዞ የሚመጣው ጠያቂ የሚስተናገድበት መንገድ። ተገልጋዩ ትራንስጀንደር የሆነ ሰው ነው፤ ሲወለድ ወንድ ተብሎ ራሱን እንደ ሴት የሚያውቅ፣ ወይም ሴት ተብላ ራሷን እንደ ወንድ የምታውቅ። የአንድን ማረሚያ ቤት ስም ለይተን አንጠራም። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባሉት ከተሞች ከተለመደው የወህኒ አሠራር ተነሥተን ነው የምንናገረው።

ብይኑን አስቀድመን እናስቀምጥ። ጎጃም ለታሰረ ሰው ያለው ሆድ ሰፊ ነው። በዓል ሲመጣ ማኅበርተኛው ዳቦውን ተሸክሞ ወህኒ ይወርዳል። ጠያቂ የሌለው ታሳሪ ከሌላው ስንቅ ሲቋደስ ዋርድያው ዝም ብሎ ያያል፤ አንዳንዱማ ራሱ ያቋድሳል። ሽማግሌን፣ ታማሚን፣ ልጅ ያዘለችን እናት ለይቶ የማየት ልማድም አለ። ይህ ሁሉ ደግነት ግን ትራንስጀንደር ሰው በር ላይ ሲቆም በድንገት ይጠፋል። ዋናው የሚጠፋበት ቦታ ፍተሻው ነው። ምዝገባውን በጥቂት ቃላት ማስተካከል ይቻላል፤ የጠያቂው ጉዳይ ትንሽ ጥንቃቄ ይበቃዋል፤ ፍተሻው ግን ዛሬ ባለበት መልክ ለማንም ሊሰጥ የማይገባው አገልግሎት ነው።

የሠራተኛው አመለካከት ይቀየር ሲባል እንሰማለን፤ ቢቀየር ደስታችን ነው። ነገር ግን አመለካከት እስኪቀየር ታሳሪው ውጭ ቆሞ አይጠብቅም፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይገባል። ዋርድያ ደግሞ በተጻፈ ነገር የሚሠራ ሰው ነው። ቆጠራ ሲባል ይቆጥራል፣ ዝጋ ሲባል ይዘጋል፣ ርክክብ ሲባል ይፈርማል። ምን እንደሚያደርግ ያልተነገረው ጊዜ ነው ወደ ሰፈር ሰውነቱ የሚመለሰው፤ የሚስቀው፣ የሚያፍረው፣ የሚጸየፈው፣ ጓደኛውን «ና እይ» ብሎ የሚጠራው። ክፉውም ደጉም እንዲሁ ነው። ደጉ ዋርድያ «አይዞህ፣ ግን ምንድን ነህ?» ብሎ ሲጠይቅ ከክፉው እኩል ያቆስላል፤ ምክንያቱም ጥያቄው በዚያው ቀን አራተኛው ነው።

አንድ ነገር ከሌላው ሲደባለቅ የሚመጣውን ጉዳት ለማየት ከቃላቱ እንጀምር። ሴታሴት የሚባለው አነጋገሩና አካሄዱ ወደ ሴት ያደላ ወንድ ነው፤ ራሱን ግን ወንድ ብሎ ሊያውቅ ይችላል። ወንዳገረድ የምትባለው አመሏና ሁኔታዋ የወንድ የሚመስል ሴት ናት። ፍናፍንት የሚለው የድሮ ቃል ደግሞ ሲወለድ አካሉ ወንድ ወይም ሴት ብሎ ለመለየት ያስቸገረን ሰው ያመለክታል፤ ዛሬ ኢንተርሴክስ የሚባለው፣ የአፈጣጠር ጉዳይ የሆነው ነው። ትራንስጀንደር ከሦስቱም ይለያል፤ ጥያቄው የአካሉ ሳይሆን ራሱን የሚያውቅበት ጾታ ከተመዘገበበት መለየቱ ነው። በር ላይ እነዚህ ሁሉ በአንድ ስድብ ይጠቀለላሉ፤ ስድቡም ግብረ ሰዶም ከሚለው ቃል ይመጣል። ይህ ቃል ግን የወንጀል ሕግ ቃል ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የሚያስቀጣው ከተመሳሳይ ጾታ ሰው ጋር የሚፈጸም ድርጊትን ነው፤ ድምፅን፣ አለባበስን ወይም የሰውነት ቅርፅን አይደለም።

ስለዚህ በስርቆት ተከሶ የመጣን ሰው በር ላይ «ከማን ጋር ነው የምትተኛው?» ብሎ የሚጠይቅ ሠራተኛ ሳያውቀው ምርመራ ውስጥ ገብቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በራሱ ላይ ማስረጃ የሚሆን ቃል እንዲሰጥ አይገደድም ይላል፤ በማስገደድ የተገኘውም ተቀባይነት የለውም። የቅበላ ሠራተኛ ሥራው መቀበል ነው። መርማሪ ሌላ ነው፤ ዳኛም ሌላ ነው። ይህን ለይቶ የሚያውቅ አዛዥ ባለበት ግቢ ግማሹ ችግር በር ላይ ይቀራል።

አሁን ወደ አነጋገሩ እንምጣ፤ ብዙ የሚሠራ ነገር እዚህ አለ። አማርኛ ሰውን ሲያናግር ጾታውን ሳይለይ አያልፍም፤ «ና» ወይስ «ነይ»፣ «ቁም» ወይስ «ቁሚ»። የመጀመሪያው ውርደት የሚመጣው በዚች በአንዷ ድምፅ ነው። አንዱ ዋርድያ «ና» ይላል፤ ሌላው እየሳቀ «ነይ በላት እንጂ» ይላል፤ ወረፋ የያዘው ሁሉ ዞሮ ያያል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ በተመልካች ፊት ነው የሚሆነው። አንቱታ ግን ወንድና ሴት አይለይም። «ይምጡ»፣ «እዚህ ይቁሙ»፣ «ስምዎን ይንገሩኝ»፣ «ጠያቂዎ ማን ነው?»፣ «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»። ጎጃም ውስጥ አንቱታ እንግዳ አይደለም፤ አማት፣ የንስሐ አባት፣ የማያውቁት ሽማግሌ ሁሉ አንቱ ይባላሉ። ለሃያ ዓመት ልጅ አንቱ ማለት ለአፍ ይከብዳል የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፣ ይከብዳል። መላው ግን አለ፦ በቅበላ ጠረጴዛ ላይ የሚመጣው ሁሉ፣ የላም ሌባውም ነጋዴውም፣ አንቱ ይባል። ለአንዱ ብቻ ከተባለ አንቱታው ራሱ ምልክት ይሆንበታል። ለሁሉም ከተባለ ግን ማንም አይለይበትም፣ ምንም ወጪም የለውም።

ስምም እንዲሁ ነው። ሙሉነህ ተብሎ ተመዝግቦ ሙሉነሽ ተብሎ ለሚኖር ሰው «ሙሉ» ብሎ መጥራት መዝገቡንም ሰውየውንም አይጎዳም። ጥሩነህም ጥሩነሽም «ጥሩ» ናቸው። ቁልምጫ ያለው ስም ሁሉ እንዲህ መውጫ አለው። የሌለው ስም ከሆነ ታሳሪውን አንዴ ብቻ፣ ሰው በሌለበት፣ «በምን ልጥራዎት?» ብሎ ጠይቆ ያንኑ መያዝ ነው።

መዝገቡ ላይ ስም፣ የአባትና የአያት ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የክሱ ዓይነት፣ የቅርብ ዘመድ ይሞላል። የጾታው ሣጥን ሁለት ምርጫ ብቻ ነው ያለው፤ መታወቂያውም ከዚያ የተለየ አይናገርም። መዝጋቢው እዚህ ላይ ሲደናገር ሁለት ስሕተት ይሠራል። አንደኛው የጻፈውን ሰርዞ በላዩ መጻፍ ነው፤ ስርዝ ያለበት መዝገብ በኋላ በቀጠሮ ቀን የማንነት ጥያቄ ያስነሣል፣ ታሳሪውም ሳይቀርብ ሊቀር ይችላል። ሁለተኛው ወደ ግቢ ጮሆ ምክር መጠየቅ ነው። ትክክለኛው ቀላል ነው፦ ስሙና ጾታው በፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ላይ እንዳለ ይገለበጣል፤ በአስተያየት ረድፉ ደግሞ ታሳሪው ራሱን በምን እንደሚያውቅና በምን መጠራት እንደሚፈልግ በአንድ መስመር ይጻፋል፤ ከጎኑ ቀንና ፊርማ። ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቀው፣ በኔልሰን ማንዴላ ስም የሚጠራው የእስረኞች አያያዝ ዝቅተኛ ደንብ በ7ኛው ድንጋጌው የታሳሪው ማኅደር ሰውየው ራሱን የሚያውቅበትን ጾታ አክብሮ ማንነቱን በትክክል እንዲያሳይ ያዛል። የሕክምና ጉዳይ ግን በዚህ መዝገብ ላይ አይጻፍም። መዝገቡን የጥበቃውም የጽሕፈት ቤቱም እጅ ይነካዋል፤ የሕክምናው ወረቀት በፖስታ ታሽጎ ወደ ክሊኒክ ይሂድ።

ፍተሻው።

ዝቅተኛው ደንብ በ52ኛው ድንጋጌ ልብስ አስወልቆ መፈተሽ ፍጹም ሲያስፈልግ ብቻ፣ በተሸሸገ ቦታ፣ በሠለጠነና የታሳሪው ጾታ ባለው ሠራተኛ እንዲሆን ይላል። 51ኛው ደግሞ ፍተሻ ለማስጨነቂያ እንዳይውል፣ ለምን እንደተደረገና ማን እንዳደረገው እንዲመዘገብ ያዛል። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ማንኛውም ሰው ክብሩን ከሚያዋርድ አያያዝ እንዲጠበቅ፣ በአንቀጽ 21 ደግሞ የታሰረ ሰው ሰብአዊ ክብሩ ተጠብቆ እንዲያዝ ደንግጓል። «ማንኛውም ሰው» ነው የሚለው፤ ከዚያ የሚቀነስ የለም።

በደንብ የተሠራ ፍተሻ እንዲህ ነው። በሩ የሚዘጋ ክፍል ይፈለጋል። ክፍል ከሌለ በሁለት ሚስማር መካከል ገመድ ተወጥሮ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይጋረዳል፤ ከአንገት እስከ ጉልበት ከሸፈነ ይበቃል፣ እግሩ ከታች ስለሚታይ ለጥበቃም ችግር የለውም። ሁለት ሠራተኞች ይገባሉ፤ አንዱ ይፈትሻል፣ ሌላው ይመዘግባል። የሁለቱም ስልክ ውጭ ይቀራል። ይህን አጥብቀን እንናገራለን፤ በአንድ ስልክ የተነሣ ፎቶ ከግቢ ከወጣ በኋላ መልሶ የሚሰበስበው የለም። መጀመሪያ የሚፈለገው ነገር ይነገራል፦ ስለት፣ ስልክ፣ ሲም ካርድ፣ ገንዘብ፣ አደንዛዥ ነገር። ታሳሪው ኪሱን በራሱ እጅ ይገለብጣል። የጫማ ሶል፣ ካልሲ፣ ቀበቶ፣ የጃኬት ገበር፣ የሱሪ ቅምቅማት በጣት ይዳሰሳል። ጸጉሩ ረጅም ከሆነ ወይም ሹሩባ ከተሠራ በማበጠሪያ ይታያል፤ «ቅማል ይኖራል» ተብሎ ወዲያው አይላጭም፣ ሌሎቹ ካልተላጩ እሱ የሚላጭበት ምክንያት የለም። በእጅ የሚያዝ የብረት መፈተሻ ካለ ከልብስ በላይ ያልፋል። ይህ ሁሉ አልቆ አሁንም ጥርጣሬ ካለ፣ ጥርጣሬውም በቃል ተገልጾ ሊጻፍ የሚችል ከሆነ፣ የላይኛው ልብስ ወልቆ ይታይና ተመልሶ ይለበሳል፤ ከዚያ የታችኛው። አንድም ደቂቃ ሰው ሙሉ በሙሉ ራቁቱን አይቆምም። ይህ ለማንም ታሳሪ ትክክል ነው፤ ለትራንስጀንደሩ ግን ከመዋረድና ካለመዋረድ መካከል ያለው ልዩነት እሱ ነው።

የሚበላሸው የት ነው? መጀመሪያ ማን ይፈትሽ የሚለው ላይ ነው። ወንዱ ዋርድያ «ጡት ያለውን አልነካም» ይላል፤ ሴቷ ፖሊስ «ከታች ወንድ የሆነን አልፈትሽም» ትላለች። ሁለቱም የሚሉት ከነውር የመጣ ነው እንጂ ከክፋት አይደለም፤ የሴቷ ደግሞ በተለይ ሊከበር የሚገባው ነው። በትእዛዝ ብትገደድ እሷም ታሳሪዋም ይዋረዳሉ። ከዚያ ብዙ ጊዜ የሚመጣው መላ ከላይ ሴቷ፣ ከታች ወንዱ ይፈትሽ የሚል ነው። ታሳሪው ራሱ ካልጠየቀው በቀር ይህ ከሁሉ የከፋው ነው፤ አንድን ሰው ለሁለት ቡድን ሁለት ጊዜ ማራቆት ነውና። በካናዳ ኦንታሪዮ የሰብአዊ መብት ትሪቡናል እ.ኤ.አ. በ2006 የፖሊስን ፍተሻ በሚመለከት ውሳኔው ምርጫውን ለትራንስጀንደሯ ሰው ሰጥቷል፤ በወንድ፣ በሴት ወይም ተከፍሎ። ጎረቤታችን ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው ነፃነታቸውን የተነፈጉ ሰዎች ሕግ ኢንተርሴክስ የሆነ ታሳሪ በየትኛው ጾታ ሠራተኛ እንደሚፈተሽ ራሱ እንዲወስን ፈቅዳለች። እዚህ ሊሠራ የሚችለው ይህ ነው ብለን እናምናለን፦ ከየፈረቃው ፈቃደኛ የሆኑ ሁለት ሁለት ሠራተኞች፣ ወንድም ሴትም፣ ስማቸው አስቀድሞ በቅበላ ክፍል ይያዝ፤ እንዲህ ያለ ታሳሪ ሲመጣ እነሱ ይጠሩ። ተረኛው ሁሉ እየተገፋፋ በሩ ላይ አይከራከር።

ሁለተኛው ብልሽት «ወንድ ነው ሴት?» የሚለውን ለማወቅ ተብሎ የሚደረገው ፍተሻ ነው። ይህ ፍተሻ አይደለም፤ ዕቃ አይፈለግበትምና። አሜሪካኖች በወህኒ ቤት ውስጥ ያለውን አስገድዶ መድፈር ለማስቀረት እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡትን ሕግ ተከትሎ በ2012 በተጻፈው መመሪያ የሰውን ብልት ለማወቅ ብቻ ተብሎ መፈተሽን ከልክለዋል፤ ማወቅ ካስፈለገ ከሰውየው ጋር በመነጋገር፣ ከሕክምና ማኅደሩ፣ ወይም ሐኪም በግል በሚያደርገው ጠቅላላ ምርመራ ውስጥ እንዲታወቅ።

የኬንያን ነገር ጠለቅ አድርገን እናንሣው፤ ለእኛ አገር ሠራተኛ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ፍርድ እሱ ነው። ካሚቲ በተባለው የናይሮቢ ከፍተኛ ጥበቃ ወህኒ የነበረ ኢንተርሴክስ ታሳሪ ጉዳዩን ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቀረበ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ሕጉ ሦስተኛ ጾታ ይወቅልኝ የሚል ነበር፤ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ይህን አልተቀበለውም። በሌሎች እስረኞች ፊት ልብሱን እያስወለቁ መፈተሻቸውን ግን ኢሰብአዊና አዋራጅ አያያዝ ነው ብሎ 500,000 የኬንያ ሽልንግ እንዲከፈለው ወሰነ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ዳኞቹ የጾታውን ክርክር ለሰውየው አልፈረዱለትም፣ በፍተሻው ግን ፈረዱለት። «ሃይማኖቴ ይህን አይቀበልም» ለሚል የደብረ ማርቆስ ወይም የፍኖተ ሰላም ዋርድያ መልሱ በዚህ ውስጥ አለ። እምነቱን ማንም አልጠየቀውም። የተጠየቀው ጋቢውን እንዲጋርድ ነው።

ሦስተኛው ብልሽት በፈረቃ ቅያሪ ይመጣል። የቀኑ ተረኛ ያየውን ለማታው አይነግረውም፤ ማታ የገባው ሰው አዲስ ነገር ያየ መስሎት እንደገና ያስወልቃል። አንድ መስመር ጽሑፍ ይህን ያስቀረዋል፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

ምደባው ከባድ ነው፤ ቀላል አድርገን አናቀርበውም። የወንዶች ዞን ቤቶች ጎን ለጎን የሚተኛባቸው ናቸው፤ እንደ ሴት የምትኖርን ሰው እዚያ መካከል መወርወር በሌሊት ምን እንደሚከተል እያወቁ መተው ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1994 በወንዶች ወህኒ በነበረችው ትራንስጀንደር ታሳሪ በዲ ፋርመር ጉዳይ የወሰነው ይህንኑ ነው፤ አደጋው ከባድ መሆኑን እያወቀ ዝም ያለ የወህኒ ሹም ተጠያቂ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ሴቶች ዞን ማስገባት ሁልጊዜ መልስ አይሆንም። በእንግሊዝ ኒው ሆል በተባለው የሴቶች ወህኒ ቀድሞ የወሲብ ጥቃት ታሪክ የነበረባት ትራንስጀንደር ታሳሪ ያለፈው ሳይጣራ ገብታ ሴቶችን አጥቅታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ተፈረደባት፣ መንግሥትም በተከታዩ ዓመት የምደባ መመሪያውን ለወጠ። ሴቶች ዞን ውስጥ ያሉት ታሳሪዎች፣ ብዙዎቹ ከባል ዱላ የሸሹ፣ አንዳንዶቹ ሕፃን ያቀፉ፣ ሥጋታቸው ሥጋት ነው። የሴቶች ዞን ኃላፊዋ ሳትጠየቅ የሚደረግ ምደባ ልክ አይደለም።

ስለዚህ ምደባን የበሩ ዋርድያ አይወስን። የጥበቃ ኃላፊው፣ የሴቶች ዞን ኃላፊዋና የክሊኒኩ ነርስ ሆነው የክሱን ዓይነት፣ ያለፈ የጥቃት ታሪኩን፣ አካላዊ ሁኔታውን፣ ታሳሪው ራሱ የት እንደሚፈራ አይተው ይወስኑ። ከላይ ያነሣነው የአሜሪካኖቹ የ2012ቱ መመሪያ የሥጋት ምዘናው ታሳሪው በገባ በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲሠራ፣ በ30 ቀን ውስጥ እንደገና እንዲታይ፣ የትራንስጀንደር ታሳሪ ምደባም በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ እንዲከለስ ይላል። እኛ ዘንድ የሚቸግረው ምዘናው አይደለም፤ ሦስቱ ኃላፊዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ለግማሽ ሰዓት መቀመጣቸው ነው። እስከዚያው የመጀመሪያዋ ሌሊት ታሳሪው የጥበቃ ዓይን በሚደርስበት፣ ግን ሰው ሊያናግረው በሚችል ቦታ ይደር።

«ለራሱ ደኅንነት ነው» ተብሎ ለብቻ መዝጋትን በተመለከተ ግን አንደራደርም። መጀመሪያ ለአንድ ቀን ይባላል፤ ከዚያ የሚያስታውሰው ይጠፋል። ዝቅተኛው ደንብ በቀን 22 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሰው ጋር ሳይገናኙ መዘጋትን ብቸኛ እስራት ይለዋል፤ ከ15 ተከታታይ ቀን በላይ ከሆነ ደግሞ የተከለከለ ነው። የሚቀጣበት ጥፋት የሌለውን ሰው ጨለማ ቤት አስገብቶ ጥበቃ ማለት ቅጣት ነው። ለብቻ ማሳደር ግድ ከሆነ በቀን ከሌሎች ጋር ይዋል፤ ችግኝ ጣቢያ፣ ሽመና፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ያለው ሁሉ አይከልከል። ገላ መታጠቢያና መጸዳጃም በሰዓት ይለይ፤ ሌላው ከታጠበ በኋላ ወይም ከጠዋት ቆጠራ በፊት 10 ደቂቃ። ደብረ ማርቆስን በመሰለ ብርድ አገር ከቆጠራ በፊት ቀዝቃዛ ውኃ መከራ ስለሆነ የከሰዓቱ ይሻላል። የቤቱ ካቦ፣ ማለትም የታሳሪዎቹ አለቃ፣ ማን እንደሆነም ይታይ። ካቦው ጨዋ ከሆነ ቤቱ ሁሉ ጨዋ ነው፤ ታሳሪው ከበሩ አጠገብ ይተኛ፣ ጥግ አይግባ።

ክሊኒኩ በአጭሩ፦ ነርሷን የጥበቃ ሠራተኞች «እስቲ እይልን» ብለው የሚያዝዟት ከሆነ ክሊኒኩ ፈርሷል፤ ከዚያ ቀን በኋላ ማንም ታሳሪ እውነት አይነግራትም። መጠየቅ ያለባት ሁለት ሦስት ነገር ነው። ሆርሞን ይወስዱ ነበር? በድንገት ማቋረጥ የስሜት መውረድና የአካል ለውጥ ያመጣል፤ ሐኪም ሳያየው አይቋረጥ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት አለ? ሰዓቱ አይዛነፍ። ኢንተርሴክስ ከሆነ ደግሞ ሃይድሮኮርቲዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ይወስዳል ወይ ተብሎ ይጠየቅ፤ ከአድሬናል እጢ ችግር ጋር የተወለደ ሰው ይህ መድኃኒት ሲቋረጥበት በማስታወክ፣ በድካምና በደም ግፊት መውረድ ይጀምርና በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። በር ላይ «ያልታወቀ ክኒን» ተብሎ የሚወረወረው አንዳንዴ እሱ ነው። ክኒን ከተገኘ አይጣል፤ ከነማሸጊያው ወደ ክሊኒክ ይላክ። እንደ ወንድ ኖሮ በወንዶች ዞን ያለ ሰው የወር አበባ ሊያይ እንደሚችልም ይታሰብ። ሞዴስ ከክሊኒኩ፣ ሌላ መድኃኒት በሚሰጥበት ጥቁር ፌስታል፣ ያለ ጥያቄ ይሰጠው።

ጠያቂ ላይ ያለው አገልግሎት፣ እንዳልነው፣ ደህና ነው። ስንቁ ይቀመሳል፣ አገልግሉ ይከፈታል፣ መታወቂያ ይያዛል፣ ሰዓቱም ይታወቃል። አደጋው ጥሪው ላይ ነው። ከቢቸና ወይም ከሞጣ ሌሊት ተነሥታ በሶና ዳቦ ቆሎ ይዛ የመጣች እናት ልጇን በምን ስም እንደምታውቀው ጠሪው አያውቅም። ውስጥ «ሙሉነሽ» ለሚባለው ሰው በሩ ላይ ቆሞ «የሙሉነሽ ጠያቂ!» ብሎ መጮህ ለዓመታት የተሸፈነን ነገር በሰው ፊት መግለጥ ነው፤ እናትዮዋም ስንቁን አስቀምጣ ትመለሳለች፣ ዳግም ላትመጣ ትችላለች። ጠያቂው በጠራው ስም ይጠራ፤ ግቢ ውስጥ ደግሞ ታሳሪው ባስመዘገበው። ዋርድያው በሁለቱ መካከል ዝም ማለት ብቻ ነው ያለበት። «ልጅሽ እኮ ቀሚስ ይለብሳል» ማለት ከሥራው ውስጥ የለም። ጓደኛ ሲመጣም «ምንህ ነው?» የሚለው ጥያቄ ለሌላው ጠያቂ ከሚጠየቀው አይለፍ፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 ጓደኛንም ከሚጠይቁት ጋር ቆጥሮታል።

ቅሬታ ማቅረቢያው ደካማ ነው። የአስተያየት ሣጥን የተሰቀለው የጥበቃ ጠረጴዛው ራስጌ ከሆነ ወረቀት የሚጨምርበት የለም፤ ወደ ክሊኒኩ ወይም ወደ ጸሎት ቤቱ መሄጃ ይወሰድ፣ ቁልፉም የጥበቃ ኃላፊው ዘንድ አይሁን። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ማረሚያ ቤቶችን የመጎብኘት ሥልጣን አለው፣ ባሕር ዳርም ቅርንጫፍ አለው። ጎብኚዎቹ ሲመጡ ታሳሪው ሠራተኛ በማይሰማበት ያናግራቸው፤ ስሙን ከመዝገብ አውጥቶ «ይኸው እሱ ነው» ብሎ በሰው መካከል መጥራት ግን ቅሬታውን አፉ ውስጥ ያስቀረዋል።

ወደ ርክክቡ እንመለስ። የፈረቃ ደብተሩ ላይ የቀኑ ተረኛ ሊጽፍ የሚገባው ይህን ያህል ነው፦ «ዛሬ በ9 ሰዓት የገቡት ታሳሪ ተፈትሸዋል፤ ድጋሚ አይፈተሹ። የቤት ቁጥር እንዲህ፣ በሩ አጠገብ። በአንቱታ ይጠሩ። መድኃኒታቸው ክሊኒክ ነው፣ ማታ በ2 ሰዓት ይሰጣቸው። ምደባው ነገ ከሰዓት በፊት ይወሰናል።» ፊርማ። የማታው ተረኛ ባትሪውን አብርቶ የሚያነበው ይህን ነው።